በሯ የተቆለፈ ቤተ ክርስቲያን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ዛሬ የዐቢይ ጾም አራተኛ ሰንበት፣ መፃጉዕ ነው። የዚህን ሳምንት ወንጌል ሁላችንም ከልጅነት ጀምሮ ሰምተነዋል (ዮሐ. 5፥1-9)። ሠላሳ ስምንት ዓመት በአልጋ ላይ የኖረው ሰው፣ መዳን ይፈልግ እንደሆነ ጌታችን በጠየቀው ጊዜ የመለሰውን ልብ በሉልኝ። ስለ ሕመሙ አላወራም፤ ስለ ዓመታቱ ብዛትም አላማረረም። ውኃው ሲናወጥ ወደ መጠመቂያይቱ የሚያወርደው ሰው ማጣቱን ነው የተናገረው። ከአልጋው ይልቅ የከበደው ሰው ማጣቱ ነበር።

ይህን ወንጌል ዘንድሮ በሌላ ጆሮ ሰማሁት። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

በቅድስት ሰንበት ከቅዳሴ በኋላ አንዲት እናት ደጀ ሰላም ላይ ጠብቀው አስቆሙኝ። ልጃቸው በሱዳን በኩል ወጥቶ ሊቢያ ከገባ ወራት አልፈዋል። እናሻግራለን ያሉት ሰዎች ቤት ቆልፈውበት፣ እየደበደቡ ገንዘብ ያስጠይቁታል። ከጥምቀት ወዲህ ድምፁን በስልክ አላሰሟቸውም። እሳቸው ግን የጠየቁኝ ስለ ገንዘቡ አልነበረም። «ዲያቆን፣ ቀኑን እንዴት አድርጎ ነው የሚያመሸው? ሰው እንዲያ ተቆልፎበት አእምሮው ይተርፋል ወይ?» አሉኝ። እኔም «እግዚአብሔር ያውቃል እማማ፣ በርቱ» ብዬ መስቀል እንዲሳለሙ ወደ ካህኑ መራኋቸው። የተናገርኩት ሐሰት አይደለም። ማታ ሳስበው ግን እሳቸውን ለማጽናናት ሳይሆን ከጥያቄው ለማምለጥ የተናገርኩት እንደሆነ ገባኝ፤ አፈርኩም።

ስለዚህ ታግተው የቆዩ ሰዎች ራሳቸው የጻፉትንና የተናገሩትን ማንበብ ጀመርኩ። ዛሬ በሊቢያ በረሃ ብቻ ሳይሆን በገዛ አገራችን መንገድ ከመኪና አስወርደው የሚወስዱት ወገን ስላለ፣ ያገኘሁትን ለእናንተም ላካፍል።

ቤይሩት

ታሪኩ የሆነው በሊባኖስ ነው። ቤይሩት ስትባል ለእኛ ቶሎ የሚታወሱን በሰው ቤት ለመሥራት የሄዱት እኅቶቻችን ናቸው። ፓስፖርቷን ተቀምታ በር የተቆለፈባትም እንዳለች እናውቃለን። ቀደም ባለው ጊዜ ግን፣ ከ1975 እስከ 1990 በዘለቀው የእርስ በርስ ጦርነትና በማግሥቱ (ሌላ ካላልኩ በቀር ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው)፣ በዚያች አገር ወደ መቶ የሚጠጉ የውጭ አገር ሰዎች ታግተዋል። አብዛኞቹን የያዙት ከሂዝቦላህ ጋር የተሳሰሩ ታጣቂዎች ነበሩ። ከሚፈልጉት ነገር ዋናው በኩዌት የታሰሩ ጓዶቻቸው እንዲፈቱላቸው ነበር። ከታጋቾቹ ብዙዎቹ ግን መሣሪያ ይዘው የማያውቁ፣ መምህር፣ ጋዜጠኛ፣ የሆስፒታል ኃላፊና የሃይማኖት አገልጋይ የነበሩ ሰዎች ናቸው።

ሠላሳ ዓመት ያህል በሊባኖስ የኖሩት ፓስተር ቤንጃሚን ዊር በግንቦት 1984 ተያዙ። በጥር 1985 ደግሞ አባ ሎረንስ ጄንኮ የሚባሉ የካቶሊክ ካህን ታገቱ። እኚህ ካህን በቤይሩት ይመሩት የነበረው የካቶሊክ ተራድኦ ድርጅት፣ በዚያው ጊዜ በእኛ አገር በ77ቱ ድርቅ እህል ያከፋፍል የነበረው ነው። ቀጥሎ የአሶሺየትድ ፕሬስ ጋዜጠኛ ቴሪ አንደርሰን፣ የሆስፒታል ኃላፊው ዴቪድ ጃኮብሰን፣ በቤይሩት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የእርሻ ፋኩልቲ ዲን የነበረው ቶማስ ሰዘርላንድ ተራ በተራ ተያዙ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። እነዚህ ሰዎች የቤተ ክርስቲያናችን ልጆች አይደሉም፤ በትምህርተ ሃይማኖት ያለን ልዩነትም እንዳለ ነው። ነገር ግን ጌታችን ለሕግ አዋቂው ባልንጀራ ማን እንደሆነ ሲያስተምረው ምሳሌ ያደረገለት ሳምራዊውን ነው (ሉቃ. 10)። ስለ ያዟቸውም ሰዎች ስጽፍ የሌላውን እምነት ለመንቀፍ አይደለም። አባ ጄንኮ እህልና መድኃኒት ይዘው ሲዞሩ የማንንም ሃይማኖት አልጠየቁም ነበር።

ብቻን መሆን

አያያዛቸውን ባጭሩ ልንገራችሁ። ጠባቂ በገባ ቁጥር ዓይናቸውን መሸፈን አለባቸው። እግርና እጃቸው በሰንሰለት ከግድግዳ ጋር ይታሰራል። መጸዳጃ ቤት በቀን አንዴ ነው፣ ያውም እየተጣደፉ። ከቤት ወደ ቤት ሲያዛውሯቸው ደግሞ፣ አባ ጄንኮን ከራስ እስከ እግር በማሸጊያ ፕላስተር ጠቅልለው በጭነት መኪና ሥር በጎማ ማስቀመጫው ውስጥ ይከቷቸው ነበር። ሬሳ ሲገነዝ አይታችሁ ታውቃላችሁ አይደል? እንደዚያ ነው፤ ልዩነቱ ሰውዬው በሕይወት መኖሩ ብቻ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ወራት አብዛኞቹ ያሳለፉት ለየብቻቸው ነው። እንግዲህ የእማማ ጥያቄ እዚህ ላይ ይመጣል፤ ቀኑ እንዴት ይመሻል?

ፓስተር ዊር በታሰሩበት ክፍል ጣሪያ ላይ አምፖሉ ተነቅሎ ሦስት የኤሌክትሪክ ሽቦዎች ተንጠልጥለው ነበር። እሳቸው ያንን አይተው ወደ ሰው የተዘረጋ የእግዚአብሔር እጅ አደረጉት። የመስኮቱን መዝጊያ ጣውላዎች አንድ በአንድ ቆጥረው ደግሞ ሐዋርያው እንደ ደመና ከብበውናል ያላቸውን ምስክሮች (ዕብ. 12፥1) አሰቡባቸው። ሥዕል የሌለበትን ግድግዳ ሥዕል አደረጉበት ማለት ነው። አባ ጄንኮ ከክር ቋጥረው መቁጠሪያ ሠሩ። ይህን ሳነብ በገዳም ያሉ አባቶች ጣቶች ታወሱኝ፤ ቋጠሮ እኮ ለጨለማ የተሠራ ነው፣ ማየት አያስፈልገውም።

በሚያዝያ 1986 የተያዘው አየርላንዳዊው መምህር ብራያን ኪናን አንድ ቀን ሳይታሰብ ፍራፍሬ የሞላበት ሳህን ገባለት። በዚያ ጨለማ ክፍል ከወራት በኋላ የብርቱካንን ቀለም ሲያይ ከማድነቁ የተነሣ መብላት አቃተው። ዝም ብሎ ሲያየው ዋለ። እኛ ብርቱካን እየላጥን ስለ ዋጋው ነው የምናወራው።

ሁሉም ግን እንዲህ በቀላሉ አልተሸከሙትም። ቶማስ ሰዘርላንድ ለብቻው በተቆለፈበት ጊዜ ሦስት ጊዜ ነፍሱን ለማጥፋት እንደሞከረ ከወጣ በኋላ ተናግሯል። አልደበቀውም፤ እኔም አልደብቀውም፤ ምክንያቱም በዚያች ሰዓት ምን እንዳቆመው ጭምር ነግሮናል። ሕመሙ ሲጠብቅ የሚስቱና የሦስት ሴቶች ልጆቹ ፊት በዓይነ ኅሊናው እየጎላ መጣ፤ ከዚያ ማለፍ አልቻለም። እርሱ በዚያ ክፍል ሳለ እነርሱ ምን ያህል እንደሚጠቅሙት የሚያውቁት ነገር አልነበረም። እማማ፣ ይህችን ዐረፍተ ነገር ለእርስዎ ብዬ ነው የጻፍኳት።

አምስት ሰው በአንድ ክፍል

በ1985 በሐምሌ ወር ገደማ እነዚህ አምስት ሰዎች በአንድ ክፍል ተሰበሰቡ። ከመሰባሰባቸው በፊት አንደርሰን በዚያው ቤት ካህን እንዳለ ሲያውቅ ጠባቂዎቹን ለምኖ ወደ አባ ጄንኮ ገባ። በልጅነቱ ካቶሊክ የነበረ፣ እምነቱን ትቶ ብዙ ዓመት የኖረ ሰው ነው። ሁለት እስረኞች ወለል ላይ ተቀምጠው አንዱ ኃጢአቱን ሲናገር ሌላው ሲሰማ አስቡት። ካህኑ ልብሰ ተክህኖ የላቸው፣ መስቀል የላቸው።

ከዚያ በኋላ አምስቱ አብረው ይጸልዩ ጀመር። ፓስተሩና ካህኑ በየተራ ይመራሉ፤ ከምግባቸው ቁራሽ ዳቦ ያስቀራሉ፤ የነበራቸው መጽሐፍ ቅዱስ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ጉባኤያቸውንም በራሳቸው ቋንቋ «በሯ የተቆለፈ ቤተ ክርስቲያን» ብለው ሰየሟት። ደቀ መዛሙርቱ ከፍርሃት የተነሣ በር ዘግተው በተቀመጡበት ቤት ጌታ መካከላቸው መቆሙን (ዮሐ. 20፥19) ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። የእነዚህን በር የዘጋው ግን ሌላ ሰው ነው፤ ቁልፉም ከውጭ ነው።

ከጸሎቱ ሌላ እያንዳንዱ በጭንቅላቱ ይዞት የገባውን ማካፈል ጀመረ። በቤቱ ውስጥ ሌላ ሀብት ስላልነበረ ነው። ሰዘርላንድ ስለ እርሻና ስለ ከብት እርባታ ያስተምራል፤ በኋላም አንደርሰንን ፈረንሳይኛ አስተምሮታል። አንደርሰን ከብርማ የመጠቅለያ ወረቀት የቼዝ ጠጠሮች ሠራ፤ ጠባቂዎቹ አይተው ወሰዱበት። እኔ እዚህ ላይ ብዙ ቆምኩ። ሰው ሲታሰር መጀመሪያ የሚነጠቀው ለሌላው የሚጠቅም መሆኑ ነው፤ ተመጋቢ ብቻ ይሆናል፤ ሌሎች ያበሉታል፣ ሌሎች ያስነሡታል፣ ሌሎች ያስተኙታል። አጠገቡ ያለውን ማስተማር፣ የታመመውን ማገዝ፣ ተራ ደርሶት ጸሎት መምራት ሲጀምር ግን ጠባቂው ያላዘዘው ሥራ አገኘ። ሊቀ ማእምራን ቢሆን ማይም፣ አንድ የሚያውቀው ነገር አለው፤ እረኛ ከሆነም ስለ ላሞቹ ያውራ።

መላእክት ግን እንዳይመስሏችሁ። ይጣሉ ነበር፤ ያውም ክፉኛ። አንደርሰን መከራከር የማይሰለቸው፣ ካልረታ የማይተኛ ሰው እንደነበረ በጻፈው መጽሐፍ ራሱ መስክሯል። ከጃኮብሰን ጋር የተኳረፉበት ጊዜ አለ። ፍራሽ ከፍራሽ ተነካክቶ፣ አንዱ የሚተነፍሰውን ሌላው እየተነፈሰ፣ ወራት ሲያልፉ የሰው ሳል እንኳ ጠብ ይሆናል። በአንድ ቤት ሃምሳ አምስት ቀን ጾመን አንድ ቀን ሳንጣላ የምንፈስክ ስንቶቻችን ነን? ልዩነቱ፣ እነርሱ ተኳርፈው የሚሄዱበት ሌላ ክፍል አልነበራቸውም። ስለዚህ ይታረቁ ነበር።

ያልተረፈም አለ። ዊልያም በክሊ የተባለ የአሜሪካ ሰላይ ከእነርሱ ቀድሞ ተይዞ ነበር። በ1985 ክረምት መግቢያ ላይ በዚያው ቤት በትኩሳት ሲቃዥ፣ ጃኮብሰንና አባ ጄንኮ ዓይናቸው ተሸፍኖ ድምፁን ሰምተዋል። ሊነኩት አልቻሉም፤ ውኃ ሊያቀምሱት አልቻሉም። በኋላ ድምፁ ጠፋ። አብሮ የታሰረን ሰው መርዳት ሁልጊዜ ይቻላል ብዬ አልዋሻችሁም። አንዳንድ ጊዜ የሚቻለው መስማት ብቻ ነው፤ ከወጡ በኋላም ለዘመዶቹ የሰሙትን መናገር ነው።

ስለ ኪናን አንድ ነገር ልጨምር። ከእርሱ ጋር የቆለፉት ጆን ማካርቲ የሚባል እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ነው። በአየርላንድና በእንግሊዝ መካከል የስንት መቶ ዓመት ደም እንዳለ የታወቀ ነው። ሁለቱ ሲታመሙ እየተደጋገፉ፣ እየተቀላለዱ አራት ዓመት ኖሩ። ጊዜውን ለመግፋት ሲሉም በደቡብ አሜሪካ ጫፍ በፓታጎንያ ያክ የሚባለውን ጸጉረ ረጅም የቲቤት ከብት የሚያረቡበት እርሻ በሐሳብ አቋቁመው፣ ዝርዝሩን እያንዳንዱን ይወያዩ ነበር። ኪናን በ1990፣ ማካርቲ በ1991 ተፈቱ። ከዓመታት በኋላ አብረው ወደዚያ አገር ሄደው ምድሩን አይተውታል።

የግድግዳው ቋንቋ

ሰው ጭራሽ ከሌለስ? ለዚህ መልስ ያለው ቴሪ ዌይት ነው። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ሊቀ ጳጳስ መልእክተኛ ሆኖ፣ እነ አንደርሰንን ለማስፈታት ሲደራደር፣ የደኅንነት ቃል ተሰጥቶት በገባበት በጥር 1987 እርሱ ራሱ ታገተ። 1,763 ቀን ቆየ፤ ከዚህ ውስጥ አራት ዓመት የሚሆነው ለብቻው ነው። በመጀመሪያ ሦስት ነገር ወሰነ፤ ባደረገው ላለመጸጸት፣ ለራሱ ላለማዘን፣ ያለፈውን ኑሮውን በማስዋብ ላለመብሰልሰል። ወረቀትና እርሳስ ስላልነበረው መጽሐፉን በአእምሮው ጻፈ።

መጽሐፍ እንዲያመጣለት የለመነው ጠባቂ እንግሊዝኛ ማንበብ አይችልም ነበር። ዌይት ፔንግዊን የተባለችውን ወፍ ሥሎ ሰጠው፤ ይህች ወፍ የታተመችበትን መጽሐፍ ፈልግ ማለቱ ነው። ፔንግዊን የታወቀ የእንግሊዝ መጻሕፍት አሳታሚ መሆኑን ልብ ይሏል።

ከጊዜ በኋላ ከግድግዳው ወዲያ ሰው እንዳለ ደረሰበት። ማንኳኳት ተጀመረ፤ ለ«ኤ» አንድ ጊዜ፣ ለ«ቢ» ሁለት ጊዜ፣ እንዲህ እያለ እስከ «ዜድ» ሃያ ስድስት ጊዜ። በዚህ ስሌት የስሙን የመጀመሪያ ፊደል ብቻ ለማስረዳት ሃያ ጊዜ ማንኳኳት ነበረበት። (በእኛ ፊደል ቢሆን «ፐ» ሳይደርስ ይነጋል።) ወዲያ ማዶ የነበሩት አንደርሰን፣ ሰዘርላንድና ማካርቲ ናቸው። እነርሱ በኋላ ሬዲዮ ስለተሰጣቸው ዓለሙን ይሰሙ ነበር፤ እርሱ ግን ምንም አያውቅም። ስለዚህ የዓመታቱን ወሬ በጉልበት፣ ፊደል በፊደል፣ በግድግዳው አሳለፉለት። መፃጉዕ ያጣው ሰው ይህ ነው።

በመጨረሻው ዓመት አንድ ላይ ሲያደርጓቸውስ? ደረቱ ታሞ ስለነበር ሳሉ አላስተኛቸው አለ፤ አራት ዓመት ዝም ያለ ሰው ስለሆነም ወሬው አያልቅም። ሌሎቹ ተሰላችተው ነበር። ግን ተሸከሙት።

አቡና

አባ ጄንኮ ከ564 ቀን በኋላ በሐምሌ 1986 ተፈቱ። ከመፈታታቸው በፊት፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ያሠቃያቸው ከነበሩት ጠባቂዎች አንዱ አጠገባቸው ተቀምጦ ያንን ጊዜ ያስታውሱ እንደሆነ ጠየቃቸው። ጠባቂዎቹ የሚጠሯቸው «አቡና» ብለው ነው። ዐረቦች ካህንን እንዲህ ይጠራሉ፤ የእኛው «አቡነ» ማለት ነው። አዎን፣ አስታውሳለሁ አሉት። ይቅር ይሉት እንደሆነም ጠየቃቸው። አባ ጄንኮ ይቅር አሉት፤ አልፈው ግን እርሱን በልባቸው ጠልተውት እንደነበረ ተናዝዘው፣ ከእርሱ ከጠባቂው ይቅርታ ለመኑ።

ከዚያ በኋላ በጻፉት መጽሐፍ ይቅርታ ማለት መርሳት እንዳልሆነ ደጋግመው ይናገራሉ። የሆነውን ሁሉ ያስታውሱት ነበር፤ የፕላስተሩን ሽታ ሳይቀር። እኔ በዚህ ነገር ላይ ትምህርት ለመስጠት አቅም የለኝም፤ ማንም አስሮኝ አያውቅምና። የታገተ ልጅ ያላችሁም ዛሬውኑ ይቅር በሉ አልላችሁም። አባ ጄንኮም የደረሱበት በአንድ ሌሊት አይደለም።

በውጭ ላለነው

ለዌይት በዚያ ሁሉ ዓመት አንዲት ፖስት ካርድ ብቻ ደርሳዋለች። የላከችለትን ሴት አያውቃትም። በካርዱ ላይ ያለው ሥዕል ከሦስት መቶ ዓመት በፊት በእንግሊዝ አገር ስለ ስብከቱ አሥራ ሁለት ዓመት የታሰረው ጆን ቡንያን ነው። ዌይት ሥዕሉን አይቶ፣ አንተስ ዕድለኛ ነህ፣ መስኮት አለህ፣ ጠረጴዛ አለህ፣ ብዕርም አለህ ሲል አሰበ። ቀልድ ነው፤ ግን አንዲት ካርድ በሰንሰለት የታሰረን ሰው አሥቃለች። የአንደርሰንም እኅት ወንድሟ እስኪፈታ ድረስ ያልጮኸችበት ደጅ የለም። እርሱ በታኅሣሥ 1991 ሲወጣ 2,454 ቀን ሆኖት ነበር፤ ከታገተ በኋላ የተወለደችው ልጁ ስድስት ዓመት ሞልቷታል።

የተፈታ ሰው ሲመለስ ድግስ ደግሰን፣ ዘመድ ሰብስበን፣ «እስቲ ንገረን» ማለት ልማዳችን ነው። ዌይት መመለስን ከጥልቅ ባሕር እንደመውጣት ቆጥሮታል፤ ጠላቂ በአንዴ ቢወጣ ይታመማል፣ ቀስ እያለ ሲወጣ ግን ይተርፋል። አንደርሰንም በ2024 ከማረፉ ከጥቂት ዓመታት በፊት ነገሩ አልፎልህ እንደሆነ ሲጠየቅ፣ አዘውትሮ ባያስበውም አሁንም ከውስጡ እንዳለ ነው የመለሰው። እንግዲህ ልጁ ወይም ልጅቱ ሲገቡ አልጋ አንጥፉ፣ ውኃ አሙቁ፣ ዝምታቸውንም አትፍሩት። ቅዠት ቢበዛባቸው፣ ከሰው ቢርቁ፣ ወደ ጠበል መውሰዱ ሐኪም ከማሳየት አይከለክልም፤ ሁለቱም የእግዚአብሔር ናቸው።

ይህን ሁሉ ባለፈው ሰንበት ለእማማ ነገርኳቸው። የቼዙን ነገር አልገባቸውም፤ የግድግዳው ማንኳኳት ግን ገብቷቸዋል፤ ሁለቴ አስደገሙኝ። ከዚያ ጥቂት አሰብ አድርገው፣ ልጃቸው ሰንበት ትምህርት ቤት ሳለ መዝሙረ ዳዊት ዘጠናን በቃሉ ይዞ እንደነበር ነገሩኝ። «አብረውት ያሉት ልጆች ያውቁት ይሆን? ካላወቁ እርሱ ያስጠናቸዋል» አሉ።

ትናንት ደግሞ ተመልሰው መጡ። በደብተር ቅጠል ላይ የአምስት ሰው የክርስትና ስም ተጽፏል። በስልክ እየተፈላለጉ፣ ልጆቻቸው በዚያው ቤት የተቆለፈባቸውን ሌሎች እናቶች አግኝተዋቸዋል፤ አንዷ ከጎንደር ናት፣ አንዷ ከሐዋሳ። በቅዳሴ ሰዓት ስለ ታሰሩትና ስለ ተማረኩት ሲጸለይ የልጃቸው ስም ለብቻው እንዳይጠራ ነው የፈለጉት። አምስተኛውን ስም ማን እንደሆነ ጠየቅኋቸው። እናት የለውም አሉኝ፤ ልጃቸው በስልክ ያነሣው ልጅ ነው።

ይቆየን።